ተሳቢ ሲወዛወዝ መሪውን ሳይሆን ጭነቱን እዩ

ጀልባ በፒካፕ ጎትቼ ስሄድ የሚያየኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ መሪ ነው። ሲወዛወዝብህ መሪውን ወዴት ነው የምታዞረው፣ ታጠብቀዋለህ ወይስ ትለቀዋለህ፣ ምናምን። ጥያቄው ክፋት የለውም ግን ዘግይቶ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ተሳቢ ይወዛወዝ አይወዛወዝ በአብዛኛው የሚወሰነው ገና ቆሞ ሳለ ዕቃ ስትጭንበት ነው። ክብደቱ ያለ ቦታው ከተቀመጠ የፈለገ ጎበዝ ሹፌር ቢነዳው አስፋልት ላይ ፍጥነት ሲጨምር ግራ ቀኝ ማለቱ አይቀርም።

እኔ በብዛት የምጎትተው ጀልባ ነው፣ ከባህር ዳር ወደ ጎርጎራ፣ አንዳንዴም ለጥገናና ለቀለም ከውሃ አውጥተን እዚሁ ከተማ ውስጥ። ሌሎች ልጆች ጄኔሬተር ይጎትታሉ፣ ለግንባታ ውሃ በሮቶ ይጎትታሉ፣ ፎገራ ላይ ደግሞ የሩዝ መውቂያ። በጎንደር መንገድ ዳር ሁሌ ሰው አለ፣ ተማሪ አለ፣ ከነአህያው ገበያ የሚሄድ አለ። ተሳቢ ከሄደብህ መጀመሪያ የሚያገኘው እነሱን ነው፣ ለዛ ነው ይሄን ነገር ዘርዘር አድርጌ ልጽፈው የፈለግኩት።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ተሳቢው ከፒካፑ ጋር የሚያያዝበት ኳስ ላይ ስንት ኪሎ ቁልቁል ይጫነዋል? በተለምዶ የሚባለው ተሳቢው ከነጭነቱ ከሚመዝነው ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። ጀልባውም ተሳቢውም ተደምሮ 800 ኪሎ ከሆነ ኳሱ ላይ ከ80 እስከ 120 ኪሎ ማረፍ አለበት ማለት ነው። አውሮፓ ውስጥ ከዚህ ባነሰ ይጎትታሉ፣ ግን በብዙዎቹ አገሮች ተሳቢ ለያዘ መኪና የፍጥነት ገደቡም ዝቅ ያለ ነው፣ ስለዚህ እኔ 10ን ነው መነሻ የማደርገው። ከዚያ ካነሰ የተሳቢው ኋላ ይከብድና ፒካፑን ከኋላ ያነሳዋል፣ የኋላ ጎማው መሬት በደንብ አይቆነጥጥም፣ ትንሽ ንፋስ ወይ ትንሽ ጉድጓድ ሲያገኝ ይጀምራል። ከመጠን በላይ ሲበዛ ደግሞ ፒካፑ ከፊት ይቀልና መሪው ይላላብሃል፣ ማታ ከሆነ መብራትህ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ይወጋዋል። ኳሱ ራሱ የሚችለው ጣሪያ አለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ብረቱ ላይ ተቀርጿል፣ ቀለም ካልሸፈነው ታገኘዋለህ።

የጀልባ ችግሩ ሞተሩ መጨረሻው ላይ መሰቀሉ ነው። 40 ፈረስ ጉልበት ያለው ያማሃ ብቻውን ወደ 70 ኪሎ ይሆናል። እስቲ እናስላው፣ ከኳሱ እስከ ተሳቢው አክስል 4 ሜትር ቢሆን፣ ሞተሩ ደግሞ ከአክስሉ ሜትር ተኩል ወደ ኋላ ቢንጠለጠል፣ 70ን በ1.5 አባዝተህ ለ4 ስታካፍለው 26 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ያን ያህል ከኳሱ ላይ አነሳ ማለት ነው። ያለ ሞተር 80 የነበረው 54 ሆነ፣ ጠቅላላ ክብደቱ ግን ወደ 870 ወጣ፣ ከ10 በመቶ ወደ 6 በመቶ ወረድክ። በአንድ ሞተር! ለዛ ነው ሞተሩን ፈትቼ፣ ውሃውን አፍስሼ፣ መመሪያው በሚለው ጎኑ አስተኝቼ ፒካፑ ላይ ከጋቢናው ሥር የማስረው። ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ ልጆቹም ያጉረመርማሉ፣ እኔ ግን በዚህ ጉዳይ አልደራደርም። የቤንዚን ጀሪካኖችም እንደዛው፣ ባለ 20 ሊትሩ ሲሞላ ቤንዚኑ ብቻ ወደ 15 ኪሎ ነው፣ አራቱን ኋላ ወንበር ሥር ከደረደርካቸው አንድ ሌላ ሞተር ልትሰቅል ምንም አልቀረህም።

ክረምት ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፣ ውጭ ያደረ ጀልባ ዝናብ ይጠራቀምበታል። ከወለሉ ሥር ስለሆነ አይታይም። 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው፣ ሜዳው ላይ መሃል ተኝቶ ይቆይና ከአዲስ ዘመን ወዲያ ዳገቱን ስትጀምር ሁሉም ተንደርድሮ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ጠዋት የለካኸው ክብደት በሙሉ ተቀየረ ማለት ነው። ስለዚህ ከመነሳትህ በፊት የታችኛውን ቡሽ ንቀልና አፍንጫውን ከፍ አድርገህ ጠብ እስኪል አፍስሰው። በሮቶ ውሃ የምትጎትቱም ወይ ሙሉ ሙሏት ወይ ባዶ አድርጓት፣ ግማሽ የሆነች ሮቶ ውስጥ ውሃው እየተላጋ ራሱ ነው የሚያወዛውዛችሁ።

ለመለካት ውድ ዕቃ አያስፈልግም። እህል ነጋዴ ጋ ያለው ኩንታል የሚመዘንበት የመሬት ሚዛን ይበቃል። እኔ ጤፍ የምገዛባቸው እትዬ "ውሰድ ልጄ፣ ብቻ እንዳትሰብርብኝ" እያሉ ይሰጡኛል፣ እግዜር ይስጣቸው። ተሳቢውን ከነሙሉ ጭነቱ ሜዳ ቦታ ታቆማለህ፣ ጎማዎቹን በፊትም በኋላም ድንጋይ ታስደግፋለህ፣ ከዛ ሚዛኑ ላይ አጠር ያለ የባህር ዛፍ ግንድ አቁመህ የተሳቢውን አፍንጫ እሱ ላይ ቀስ አድርገህ ታሳርፋለህ። የግንዱ ቁመት ፒካፑ ላይ ሲታሰር ከሚኖረው ከፍታ ጋር እኩል ይሁን፣ ከፍ ካለ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሽና ሚዛኑ ያሳንስብሃል። የግንዱን ኪሎ ትቀንሳለህ፣ በቃ። ሚዛን ባይኖር እንኳን፣ 800 ኪሎ የሚሆን ተሳቢን አንድ ሰው በአንድ እጁ አፍንጫውን አንስቶ ካሰረው ያ ተሳቢ ከፊት ቀሏል፣ ሳታስተካክለው አትነሳ።

ግን ኳሱ ላይ 10 በመቶ ስላገኘህ ብቻ አልተጨረሰም፣ ይሄን ብዙ ሰው አያየውም። ከፊት ጫፍ 100 ኪሎ ከኋላ ጫፍ 100 ኪሎ አስቀምጠህም ሚዛኑ ጥሩ ቁጥር ሊያሳይህ ይችላል። ረጅም አጣና ትከሻህ ላይ ተሸክመህ ዞር ስትል ጫፎቹ አልቆም እንደሚሉህ ነው፣ ክብደቱ ጫፍ ላይ ሲሆን አንዴ መዞር ከጀመረ የሚያቆመው የለም። ከባዱ ነገር ሁሉ አክስሉ አካባቢ፣ ትንሽ ወደ ፊት ባደላ ሁኔታ፣ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ከጭነቱ 60 በመቶ የሚሆነው ከአክስሉ በፊት ቢሆን ይላሉ፣ ጥሩ መነሻ ነው።

ወደ ብረቱ ስንመጣ መጀመሪያ ኳሱን እዩ። ያገለገለ ተሳቢ ከየትም ነው የሚመጣው፣ ባለ 50 ሚሊ ሜትር አለ፣ ባለ 2 ኢንች አለ እሱ 50.8 ነው፣ ባለ 1 ኢንች ከ7/8 አለ እሱ ደግሞ 47.6 ነው። ትንሿን ኳስ ትልቁ ቆብ ውስጥ (ኳሱን ከላይ የሚይዘው የተሳቢው ጫፍ ማለት ነው) ካስገባሃት ትጫወታለች፣ ጉድጓድ ላይ ደግሞ ዘላ ልትወጣ ትችላለች። በፒንና በቀለበት የሚያያዘውም ቀለበቱ ከተበላ ያው ነው። ሰንሰለቱን ከአፍንጫው ሥር አጠላልፈህ እሰር፣ ኳሱ ቢያመልጥ አፍንጫው አስፋልት ላይ ሳይተከል ሰንሰለቱ ላይ ይወድቃል።

ከዛ አክስሉ ተጣሞ እንደሆነ በሜትር ለካ፣ ከኳሱ እስከ ግራው ጎማ መሃልና እስከ ቀኙ ጎማ መሃል እኩል መምጣት አለበት፣ ካልመጣ ተሳቢው ሁሌ ወደ ጎን እየጎተተህ ነው የሚሄደው። በያጅ ጋ አዲስ የምታሠሩ ደግሞ አንገቱን አታሳጥሩት። አንዱን በያጅ ጋሼ እባክዎ ትንሽ ያርዝሙልኝ ስላቸው "ብረት እኮ ተወዷል" አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው ተወዷል፣ ግን ከኳሱ እስከ አክስሉ ረዘም ባለ ቁጥር ተሳቢው ይረጋል፣ እዛ ላይ ብረት አይቆጠብም።

የጎማ ንፋስ በጣም አስፈላጊ ነው። የፒካፑን የኋላ ጎማ ሹፌሩ በር ጋ ያለው ተለጣፊ ለሙሉ ጭነት የሚለውን ያህል ሙላው፣ የተሳቢውንም ለራሱ ለሙሉ ጭነት በተባለለት ልክ። ለኮረኮንች ብለው ንፋስ ቀንሰው በዛው አስፋልት የሚወጡ አሉ፣ የላላ ጎማ ጎኑ ይተጣጠፋል፣ መወዛወዙ ከዛ ይነሳል። ባሌስትራ መጨመር መፍትሄ ነው የሚሉም አሉ፣ ፒካፑን ከፍ ያደርገዋል እንጂ ኋላው የከበደ ተሳቢን አያድነውም። በፍትጊያ መወዛወዝን የሚቀንስ ዘንግ አለ፣ አንዳንድ አዳዲስ ፒካፖችም ራሳቸው ጎማ በጎማ እየያዙ የሚያረጋጉበት ሲስተም አላቸው፣ ጥሩ ናቸው፣ ግን በትክክል ለተጫነ ተሳቢ ነው የሚያግዙት።

ፍጥነት። በዝግታ ስትሄድ አንዴ የተነቃነቀ ተሳቢ ራሱ ይረጋል፣ ፍጥነት በጨመርክ ቁጥር ለመርጋት የሚወስድበት ጊዜ ይረዝማል፣ የሆነ ቦታ ላይ ስትደርስ ግን እያንዳንዱ ውዝዋዜ ካለፈው እየበለጠ ይሄዳል። ያ ቦታ ለየተሳቢው ይለያያል። እኔ ከ60 አላልፍም፣ ከወረታ በፊትና በኋላ ያለው ሜዳ ቀጥ ያለ ስለሆነ እግርህን ይጎትትሃል፣ አትስማው። ሜዳው ለንፋስ ክፍት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከጣና በኩል ንፋሱ ይነሳል፣ ጀልባ ነጂዎቹም ለዛ ነው ጠዋት መሻገር የሚመርጡት፣ እኔም በጠዋት ነው የምወጣው። ሲኖትራክ ሲቀድምህ አየሩ መጀመሪያ ይገፋሃል ከዛ ይስብሃል፣ በመስታወት ስታየው ቀድመህ እግርህን ከነዳጁ ላይ አላላና መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ። ሐሙሲት ላይ ቆሜ የተሳቢውን ጎማ መሃል በእጄ ጀርባ እነካለሁ፣ አንዱ ከሌላው በጣም ከጋለ ኩሽኔታው ሊሄድ ነው፣ ሰንሰለቱንና ማሰሪያ ገመዱንም እዛው አያለሁ። ቁልቁለት ላይ ተሳቢው ይገፋሃል፣ ማርሹን ገና ከመውረድህ በፊት ቀንስ።

ይሄን ሁሉ አድርገህም ቢጀምርስ? እግርህን ከነዳጅ አንሳ፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ራሱ ፍጥነቱ እስኪወርድ ጠብቅ። ውዝዋዜውን በመሪ አትከተለው፣ እጅህ ሁሌ ከሱ ኋላ ስለሚደርስ ታባብሰዋለህ። የፒካፑን ፍሬን በኃይል አትያዝ፣ ተሳቢው ከኋላ ገፍቶ ወደ ጎን ያጥፍሃል። ተሳቢው የራሱ የኤሌክትሪክ ፍሬን ካለው የሱን ብቻ ለብቻው መያዝ ትልቅ መፍትሄ ነው፣ እኛ ጋ ግን ብዙው የለውም፣ አውሮፓ ውስጥ ፍሬን ለሌለው ተሳቢ ጣሪያው 750 ኪሎ መሆኑን ልብ በሉ። "ነዳጅ ስጠው ይዘረጋልሃል" የሚል ምክር በየጋራዡ ትሰማለህ፣ ለሰከንድ ሊዘረጋ ይችላል፣ ግን ፍጥነትህ ጨመረ፣ ቀጣዩ ውዝዋዜ ከበፊቱ የባሰ ነው የሚመጣው። ሲረጋ ዳር ይዘህ ቁም፣ ጭነቱን ወደ ፊት አምጣ፣ ያንኑ ጭነት እንደነበረ ይዘህ አትቀጥል።

አንድ ነገር ደግሞ እለምናችኋለሁ፣ ጫኝ አውራጅ ልጆቹን የሚጎተተው ጀልባ ውስጥ አታስቀምጧቸው። ሁሌ ኋላ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት፣ ሦስት ልጅ ወደ 180 ኪሎ ነው፣ የሞተሩን እጥፍ አልፎ። ጋቢና ካልበቃ የሚኒባስ ሒሳባቸውን ስጧቸውና ጎርጎራ ይጠብቋችሁ።