ኤዲሰን ሲኒማ የነበረበት ቦታ

ወደ ኢየሩሳሌም የሄድኩት ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን ለመሳለም ቢሆንም፣ የቆዩ ሲኒማ ቤቶች ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለሚስበኝ ከገዳሙ ብዙም ሳይርቅ የነበረውን የኤዲሰንን ቦታ ሳላይ ላለመመለስ ቆርጬ ነበር። ከነታንያ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ በሰላም አደረሰኝ። ከመናኸሪያው እስከ ኢትዮጵያ መንገድ ላለው፣ ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ ለማይሞላ ርቀት ግን ባለታክሲው ቆጣሪውን ሳያበራ 70 ሼቅል ተቀበለኝ። አዲስ አበባ ቢሆን ሳልገባ ዋጋ እነጋገር ነበር፤ በሰው አገር ዝም ማለቴ አንገበገበኝ።

ንዴቴን ያበረዱልኝ በገዳሙ ያገኘኋቸው አንዲት እማሆይ ናቸው። ሻይ ከዳቦ ጋር ካቀረቡልኝ በኋላ ጉዳዬን ሲሰሙ፣ "ልጄ፣ ብቻህን ትጠፋለህ" ብለው መቋሚያቸውን ይዘው እስከ የሻያሁ መንገድ ድረስ ሸኙኝ። እሳቸው ወደ ከተማዋ ሲመጡ ሕንፃው ገና ቆሞ ነበር፤ ቅዳሜ ማታ በሩ ላይ የሚሰለፈውን ሕዝብ ያስታውሳሉ።

ኤዲሰን የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1932 ሲሆን ወደ 2000 የሚጠጋ ተመልካች ይይዝ ነበር። ግብፃዊቷ ዘፋኝ ኡም ኩልሱም ዘፍናበታለች፤ ጣሊያናዊው የኦርኬስትራ መሪ አርቱሮ ቶስካኒኒም በ1936 መጨረሻ አዲስ የተቋቋመውን የፍልስጤም ኦርኬስትራ (የዛሬውን የእስራኤል ፊልሃርሞኒክ) መርቶበታል። በዚያው ዓመት ሜይ 16 ማታ ግን ፊልም አይቶ በሚወጣው ሰው ላይ ተኩስ ተከፍቶ ሦስት አይሁዳውያን ተገደሉ። ከማይጨው ሽንፈት በኋላ የተሰደዱት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያ ሰሞን እዚያው ኢየሩሳሌም፣ ኪንግ ዴቪድ ሆቴል ነበሩ። አገሩን ያጣ ንጉሥና ፊልም ሊያይ ወጥቶ የቀረ ሰው በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሌሊት መገናኘታቸው ልቤን ነካው።

አካባቢው ቀስ በቀስ የአጥባቂ ሃይማኖተኞች ሰፈር እየሆነ ሲመጣ፣ ሲኒማ ቤቱ ሰንበትን ያስሽራል የሚለው ተቃውሞ በረታ። እ.ኤ.አ. በ1995 ተዘጋ፤ በ2006 ፈርሶ ቦታው ሳትማር ለሚባለው አጥባቂ የአይሁድ ማኅበረሰብ መኖሪያ ዋለ። የእኛም አባቶች የአዲስ አበባን የመጀመሪያ ሲኒማ ቤት "ሰይጣን ቤት" ብለውት ነበርና ጥርጣሬውን እረዳዋለሁ፤ ሆኖም እኛ ስሙን እየጠራን ገባንበት፣ ለመድነውም።

አሁን እዚያ የቆመው ድንጋይ የለበሰ የመኖሪያ ሕንፃ ነው። በየሰገነቱ የሕፃናት ልብስ ተሰጥቷል፤ ደረጃው ሥር ሦስት የልጅ ጋሪዎች በሰንሰለት ታስረዋል። በአቅራቢያው ባለ አጥር ላይ በጥቁር ፊደል የታተሙ የሃይማኖት ማስታወቂያዎች አንዱ በሌላው ላይ ተለጥፈው፣ የታችኞቹ በዝናብ አብጠው እንደ ካርቶን ወፍረዋል። ቤት ለሚያስፈልገው ቤተሰብ ቤት መሠራቱን አልቃወምም፤ ነገር ግን ያን ያህል ሰው የሳቀበትና ያለቀሰበት አዳራሽ የፊት ግድግዳው እንኳ ቢተርፍ እመኝ ነበር። የሕንፃውን ፊት ከጥግ እስከ ጥግ በእርምጃ ለካሁት፤ መድረኩ የቱ ጋ፣ በሩ የቱ ጋ እንደነበር ለመገመት ሞከርኩ። ዕለቱ ዓርብ ስለነበር የመጨረሻው አውቶቡስ ሰንበት ሳይገባ ይነሣል፤ ስምንት ሰዓት ሲሆን እየሮጥኩ ወደ መናኸሪያው ተመለስኩ፤ በዚህ ጊዜ በእግሬ።