ጠባሳዋን ሳምኩት

ጥር 16፣ ጎንደር

ትናንት የጎረቤታችን ልጅ ሰርግ ነበር። ዳሱ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ጠላው ይቀዳል፣ አዝማሪው ማሲንቆውን ይመታል። ሙሽሮቹ ሲገቡ ርችት ተተኮሰ። የእህቴ ልጅ ከአጠገቤ ጠፋ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ወንበሬ ሥር ገብቶ ጆሮዎቹን በሁለት እጁ ደፍኗል። ስድስት ዓመቱ ነው። ተኩስ ስንሰማ ባደርንባቸው ሌሊቶችም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው።

ጎትቼ አላወጣሁትም። እጄን ወደ ታች ሰደድኩለት፣ ጥብቅ አድርጎ ያዘኝ።

ፊት ለፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ይህን አይተዋል። ብር አውጥተው አዝማሪውን «ተቀበል!» አሉት።

ቁስሏ ሻረ ብለው ሲያወሩ ሰምቼ፣
ጠባሳዋን ሳምኩት ከጎንደር ገብቼ።

አዝማሪው ወዲያው ዜማ ሰጠው። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ግን «ሳምኩት» የምትለዋ ላይ ቀረሁ። እኛ የምንስመው የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። ጠባሳ ይሳማል እንዴ?

ይቺ ከተማ ስንቴ ነው የቆሰለችው! በ1859 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ አዘረፏት፣ አቃጠሏት። ከሁሉም የሚከብደኝ ይሄኛው ነው፤ የጠላት እጅ አይደለማ። በ1880 የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳር ውኃ ላይ ሲሸነፉ ደግሞ የሱዳኑ ደርቡሽ ገባ። አርባ አራቱ ታቦት ከምንላቸው አድባራት ብዙዎቹ ነደዱ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች። ያዳናት የንብ መንጋ ነው ይላሉ አባቶች፤ እኔም አምናለሁ። ኅዳር 1934 ጣሊያን እዚሁ እጁን እስኪሰጥ ድረስ ደግሞ የእንግሊዝ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ። የአድያም ሰገድ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ለብዙ ዘመን ጣራ አልነበረውም። ገብተህ ቀና ስትል የምታየው ሰማይ ነበር።

ተማሪ እያለሁ «ለምን ጣራ አያለብሱትም?» እያልኩ እበሳጭ ነበር። ከትናንት ወዲህ ግን ጣራ አልባነቱን ወደድኩት።

ከሰርጉ ስንወጣ ሽማግሌውን ክንዳቸውን ደግፌ ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ ጠባሳ ምኑ ይሳማል?»

«የሞተ ሰው ቁስል ጠባሳ አያወጣም ልጄ» አሉኝ።

ትንሽ እንደ ሄድን ቆም አሉ። «ደግሞ ሻረ ብዬ አልዘፈንኩም። ሲያወሩ ሰምቼ ነው ያልኩት።»

ቤት ገብቼ ግጥሙን ደጋግሜ ለራሴ አልኩት። እውነታቸውን ነው። መዳኗን ያወሩት ሌሎች ናቸው። እሳቸው መጥተው አዩ፣ ሳሙ፣ በቃ። ዳነች ብለው አልመሰከሩም። ጠዋት የሰማሁት ሰው ሁሉ «ከተማዋ ድና እንዴት ያለ ዘፈን ነው!» ሲል አንጀቴ አረረ። የቴዎድሮስን፣ የደርቡሽን፣ የቦምቡን ጠባሳ እኔም እስማለሁ። የእኛን ዘመን ግን ገና ጠባሳ ልለው አልችልም። ሲነኩት ያማል።

ዛሬ ማታ ልጁን ሳስተኛው ግንባሩን ሳምኩት። መብራቱን አጥፍቼ ልወጣ ስል ጠራኝ።

«አክስቴ፣ መስኮቱን ዝጊልኝ።»

ዘጋሁለት።