ሰንሰለቱን ግቢ ውስጥ እሰሩት

እ.ኤ.አ. ጥር 2016 ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያን ሁሉ በረዶ ሲጥል፣ እኔ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አምቡላንስ እነዳ ነበር። ዓርብ ቀትር ላይ ጀምሮ ቅዳሜ ማታ ነው ያባራው። ደለስ ኤርፖርት 74 ሴንቲ ሜትር ገደማ ተለካ፣ ሜትሮ ባቡሩ ሳይቀር ቆመ። የኩላሊት እጥበት ግን በረዶ እስኪያባራ አይጠብቅም።

ነዳጅ ሞላሁ፣ የማይረጋ የመስታወት ውኃ ጨመርኩ፣ አካፋና ጨው ጫንኩ። በእጅ የሚታሰረውን የጎማ ሰንሰለት ላወጣ ስል አለቃዬ «በተኑ አለልህ አይደል፣ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። ዝም ብዬ ወጣሁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በተኑ የአውቶማቲክ ሰንሰለት ማውረጃው ቁልፍ ነው። ሲጫኑት አንዲት ትንሽ ጎማ ከኋላ ጎማው ጋር ትገጥምና አጫጭር ሰንሰለቶች እያሽከረከረች ሥሩ ትወረውራለች። ትንሽ በረዶ ላይ ግሩም ነው። ጥልቅ በረዶ ላይ ግን ሰንሰለቱ መወናጨፊያ ቦታ አያገኝም፣ መኪናው ከቆመ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም። ይሄን ማንም አልነገረኝም!

ለኩላሊት እጥበት የምንወስዳቸው እማማ ቤት ስንገባ ቁልቁለት ነበርና ተንሸራተን ገባን። እማማን ጭነን ስንወጣ ግን በረዶው እስከ ባት ደርሷል፣ ዳገቱ ግማሽ ላይ ቀጥ አልን። በተኑን ተጫንኩ፣ ምንም። ነዳጅ ረገጥኩ። ትልቁ ጥፋቴ ይሄ ነው፤ ጎማው በሾረ ቁጥር ሥሩ እንደ መስታወት እየለሰለሰ የመኪናው ኋላ ሰመጠ። ባልደረባዬ ወርዶ ሲቆፍር እኔ እማማ እንዳይበርዳቸው ሞተሩን አላጠፋሁም።

«ልጄ፣ ራሴን አዞረኝ» አሉኝ።

ከሕመማቸው መስሎኝ ነበር። ወርጄ ሳይ ማርሚታው፣ የጭስ መውጫው፣ በረዶ ውስጥ ተቀብሯል። ጭሱ ወደ ውስጥ እየገባ ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ አይሸትም። ሞተሩን አጥፍቼ በሮቹን በረገድኩ፣ ኦክስጅን አደረግንላቸው። አካፋ ይዘው ከወጡ ጎረቤቶች ጋር ተሸክመን ዋናው መንገድ አደረስናቸው። ከበረዶ ጠራጊ መኪና ኋላ እየተከተለ የመጣ ሌላ አምቡላንስ ወሰዳቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ሆኑ።

የድርጅቱ መመሪያ እስከ ደጃፍ ድረስ ግቡ ይላል። እኔ ካልተጠረገ አልገባም። የአምቡላንሷን ፊት ወደ መውጫው አዙሬ ዋናው መንገድ ላይ አቆማትና በእግሬ እሄዳለሁ። ሰንሰለቱን ግቢ ውስጥ አስሬ ነው የምወጣው፣ ትንሽ ነድቼ ደግሜ አጠብቀዋለሁ፤ ሳይረን እየጮኸም ቢሆን በሰንሰለት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ አልነዳም። ሞተር ሳላጠፋ ከቆምኩ ደግሞ በየአሥር ደቂቃው ወርጄ ማርሚታውን በአካፋ እጠርጋለሁ።