ራቭኒካ ላይ ዘመቻ መምራት፦ ከማጂክ ካርድ ወደ ዲ ኤንድ ዲ ጠረጴዛ

አዲሱ የዲ ኤንድ ዲ ዘመቻችን ራቭኒካ ላይ ተጀምሯል። ዲ ኤንድ ዲ (ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ) እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ፣ ጨዋታ መሪው የሚተርከውን ታሪክ በወሬና በዳይስ የሚጫወተው ጨዋታ ነው፤ ዘመቻ የምንለው በብዙ ምሽት የሚቀጥለውን አንድ ታሪክ ነው። ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የሚባለውን የካርድ ጨዋታ የምትጫወቱ ቦታዋን ታውቋታላችሁ። ለማያውቃት ሰው ባጭሩ፦ ራቭኒካ ዳር ድንበር የሌላት ከተማ ናት፤ ዓለሙን በሙሉ ሸፍናዋለች። አስር ጊልዶች (ማኅበሮች) ተከፋፍለው ይዘዋታል። መጀመሪያ የካርድ ዓለም ነበረች፤ በ2018 የዲ ኤንድ ዲ መጽሐፍ ወጣላት። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

ጠረጴዛችን ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዳንዶቹ ካርድ ሲበውዙ ነው ያደጉት፤ ዲ ኤንድ ዲ ሲባል "ወሬ ይበዛዋል" ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ባለ 20 ፊት ዳይስ ከኪሳቸው አይጠፋም፤ ካርድ ግን ኪስ ያራቁታል ብለው ይሸሹታል። ሁለቱን ወገን አንድ ላይ ማጫወት ነበር ሐሳቤ። እስካሁን በሄድንበት ያየሁትን ላካፍላችሁ። ከካርዱ ዓለም ወደ ዘመቻ ከሚመጣው ሁሉ ትልቁ ሀብት ቀለሙ ነው። ሥዕሉም፣ ስሙም፣ ታሪኩም ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ማጂክ አምስት ቀለም አለው። ነጭ ሥርዓትና ኅብረት ይፈልጋል። ሰማያዊ ዕውቀት። ጥቁር ሥልጣንና የራሱን ጥቅም። ቀይ ስሜቱን ይከተላል፤ ነፃነት ይወዳል። አረንጓዴ በተፈጥሮ ያምናል። አምስቱን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ስታጣምሯቸው አስር ጥምረት ይወጣል። የራቭኒካ አስር ጊልዶች እነሱ ናቸው።

ዲ ኤንድ ዲ ገጸ ባሕርይን የሚለካው በሌላ መንገድ ነው። ሕግ አክባሪ ነው ወይስ ሥርዓት የለሽ? ደግ ነው ወይስ ክፉ? በመሃል ገለልተኛ አለ፤ በጠቅላላው ዘጠኝ ሣጥን ይሆናል። ይሄ ልኬት ሰውየው እንዴት ያለ እንደሆነ ይነግረኛል፤ ምን እንደሚፈልግ ግን አይነግረኝም። ጨዋታ ለሚመራ ሰው ደግሞ ዋናው ጥያቄ "ምን ይፈልጋል?" ነው። ቀለም ለዚህ መልስ አለው።

አንድ ምሳሌ ከጠረጴዛችን ላምጣ። የአክስቴ ልጅ የካርድ ሰው ነው፤ አዞሪየስን መረጠ። ነጭና ሰማያዊ፣ የሕግ አውጪዎቹ ጊልድ። ጓደኛው ቦሮስን መረጠ። ቀይና ነጭ፣ የጦረኞቹ ጊልድ። ነጩ የጋራቸው ስለሆነ ሁለቱም ሰላምና ፍትሕ ይፈልጋሉ። በሣጥኑ አቆጣጠር ሁለቱም "ሕግ አክባሪ ደግ" ተብለው ያልፉ ነበር። እኔ ገበያ መሃል አንድ የኦርዞቭ ዕዳ ሰብሳቢ አቆምኩላቸው። ባሏ የሞተባትን ሴት "የባልሽ መንፈስ ዕዳውን እስኪጨርስ እኛን ያገለግላል" እያለ ውል ያሳያታል። ኦርዞቭ ነጭና ጥቁር ነው፤ ቤተ እምነትም፣ ባንክም፣ የወንበዴ ድርጅትም ነው። እዚያ ቤት የተበደረ ሰው ሞቶም አይገላገልም።

የቦሮሱ ሰይፉን መዘዘ። ቀዩ ነው ያስመዘዘው። የአዞሪየሱ ክንዱን ያዘውና "ቆይ፣ ውሉን ላንብበው" አለ። ውሉ ደግሞ ሕጋዊ ነው! ከዚያ በኋላ እኔ ብዙም አልተናገርኩም። ሕጉ ራሱ ግፍ ሲሠራ ማንን ትጠብቃለህ፣ ሕጉን ወይስ ሴትየዋን? ሁለቱ በዚህ ላይ ረጅም ሰዓት ተከራከሩ። ያን ምሽት ዳይስ ተወረወረ ለማለት ይከብዳል። ከሁሉም በላይ ያወራው ደግሞ ያ "ወሬ ይበዛዋል" ባዩ የአክስቴ ልጅ ነው። በጣም ነው ደስ ያለኝ።

መጽሐፉም ለዚህ ዓይነት ግጭት ያመቻቻል። ገጸ ባሕርይ ስትፈጥሩ ዳይስ ወርውራችሁ ከራሳችሁ ጊልድ አንድ ወዳጅና አንድ ተቀናቃኝ፣ ከጊልዳችሁ ውጭ ደግሞ አንድ የምታውቁት ሰው ታገኛላችሁ። ይህን ሰንጠረዥ አትዝለሉት። ጨዋታው ገና ሳይጀመር ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሦስት ሰው ተዘጋጀለት ማለት ነው።

ስለ ቁጥር የሚጠይቁኝ አሉ። ካርዱ ላይ 2/2 (ጉልበት 2፣ ጽናት 2) የተጻፈበት ጭራቅ በዲ ኤንድ ዲ ስንት ሂት ፖይንት (ጉዳት የሚችልበት ነጥብ) ይኑረው? እኔ አላሰላም። ከጭራቆቹ መጽሐፍ የሚቀርበውን እወስድና መልኩን እቀይራለሁ። ካርዱን ራሱን ደግሞ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ፤ "ይሄን ታያላችሁ" ማለት ብቻ ይበቃል። ከሥሩ በሰያፍ የምትጻፈዋን አጭር ጥቅስ ደግሞ መጠጥ ቤት ውስጥ እንደሚሰማ ወሬ አደርጋታለሁ።

አገር ቤት ሆናችሁ መጽሐፍ ማስመጣት ለሚከብዳችሁ ደስ የሚል ዜና አለኝ። ከራቭኒካ መጽሐፍ በፊት ጄምስ ዋያት ያዘጋጃቸው ፕሌን ሺፍት የሚባሉ በነፃ የተለቀቁ ፒዲኤፎች አሉ። ከ2016 እስከ 2018 ነው የወጡት። ዜንዲካር፣ ኢኒስትራድ፣ ካላዴሽ፣ አሞንኬት፣ ኢክሳላን፣ ዶሚናሪያ። አጫጭር ናቸው፤ ለጀማሪ የምመክረው ከእነሱ እንዲነሳ ነው። እኔ ኢኒስትራድን በጣም እወደዋለሁ፤ የቫምፓየርና የሰው ተኩላ አገር ነው፤ የሚያስፈራ ነገር ለሚወድ ጠረጴዛ አንደኛ ነው።

ሁለቱ ጨዋታዎች ዝምድናቸው የቆየ ነው። ዲ ኤንድ ዲ በ1974 ወጣ። ማጂክን ሪቻርድ ጋርፊልድ ሠርቶት በ1993 ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት አሳተመው። ይኸው ኩባንያ በ1997 የዲ ኤንድ ዲ ባለቤት የነበረውን ቲኤስአርን ገዛ። ከዚያም በፊት ግን ደም ተቀላቅሏል። በ1994 ከወጣው ሌጀንድስ ከሚባለው የካርድ ስብስብ ውስጥ ብዙዎቹ ጀግኖች የመጡት አዘጋጆቹ ከሚጫወቱት የዲ ኤንድ ዲ ዘመቻ ነው። አንድ ቤት ገብተው እንኳ ሁለቱን ዓለሞች በይፋ ለማገናኘት ይህን ያህል ዓመት መፍጀቱ እስካሁን ይገርመኛል።

በተቃራኒው አቅጣጫ ያለው ትልቁ ሥራ የ2021ዱ ስብስብ ነው፤ ፎርጎትን ሪልምስ የሚባለውን የዲ ኤንድ ዲ ዓለም ወደ ካርድ ያመጣው። የዳይስ ወዳጆቻችንን ወደ ካርድ የሳብኳቸው በዚህ ነው። ካርዶቹ ባለ 20 ፊት ዳይስ ያስወረውራሉ። አንዳንዶቹ ጨዋታ መሪ እንደሚናገረው ነው የተጻፉት። አንዱ "ወንዝ ደረሳችሁ" ይልና ሁለት ምርጫ ይሰጣችኋል፦ ከጅረቱ ጋር መታገል ወይም መሻገሪያ መፈለግ።

ከሁሉ የወደዱት ግን የዋሻ ካርዶቹን ነው። ከዴካችሁ (ከምትጫወቱበት የካርድ ክምር) ውጭ የሚቀመጥ ካርድ ነው፤ ላዩ ላይ ክፍሎች ተሥለዋል። ሎስት ማይን ኦፍ ፋንዴልቨርን እንውሰድ፤ በ2014 የጀማሪዎች ሣጥን ውስጥ የነበረው ዘመቻ ነው፤ ብዙዎቻችን የጀመርነው በእሱ ነው። ከዋሻው መግቢያ ትነሣላችሁ። ከዚያ ወይ ወደ ጎብሊኖቹ ዋሻ ትገቡና አንድ ጎብሊን ታገኛላችሁ፣ ወይ በማዕድን መተላለፊያው ሄዳችሁ ሀብት ታነሣላችሁ። መጨረሻ ላይ ቤተ መቅደስ አለ፤ እዚያ ስትደርሱ አንድ ካርድ ትስባላችሁ። ዘመቻውን የተጫወቱት ልጆች ክፍሎቹን ሲያዩ "እዚች ጋ እኮ ልንሞት ነበር!" እያሉ ጮኹ።

ቲያማትን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በዲ ኤንድ ዲ የክፉ ድራጎኖች ንግሥት ናት፤ አምስት ራስ አላት። ራሶቿ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴ ናቸው። የማጂክ አምስቱ ቀለሞች! እሷ የመጣችው በ1970ዎቹ ነው፤ ማጂክ ገና አልተፈጠረም። ካርዷን ለማውጣት አምስቱንም ቀለም መክፈል አለባችሁ፤ ስትወጣም ከዴካችሁ እስከ አምስት የተለያዩ ድራጎኖች ፈልጋችሁ ወደ እጃችሁ ታስገባላችሁ። እንዴት እንደገጠመ እዩት።

ግን ቀለሞቹ ሁሉም አይገጥሙም፤ እኔን የያዘኝ ይሄ ነው። ጥቁሩ ድራጎን ረግረግ ውስጥ ይኖራል፤ በማጂክም እያንዳንዱ ቀለም ኃይሉን የሚያገኝበት የራሱ መሬት አለው፤ የጥቁሩ ረግረግ ነው። አረንጓዴው ጫካ፣ ቀዩ ተራራ፤ እነዚህም ልክ ናቸው። ሰማያዊው ድራጎን ግን በረሃ ኖሮ መብረቅ ይተፋል፤ የማጂክ ሰማያዊ ደግሞ ደሴትና ውኃ ነው። ነጩ ድራጎን የበረዶ አውሬ ነው፤ የማጂክ ነጭ ሜዳና ሥርዓት። አዘጋጆቹ የድራጎኑን ቀለም ጠብቀዋል፤ የበረሃዋ ድራጎን ኢምሪዝ ሰማያዊ ካርድ ሆና ነው የወጣችው። ልክ አድርገዋል ባይ ነኝ። የቆየ ተጫዋች ሰማያዊ ድራጎን ቀይ ካርድ ላይ ቢያይ አይቀበልም ነበር።

ቀጣዩ ማረፊያችን ቴሮስ ይሆናል፤ የ2020ውን መጽሐፍ እያነበብኩ ነው። የጥንት ግሪኮችን ተረት መሠረት ያደረገ ዓለም ነው። አማልክቱም በቀለም ይሄዳሉ፦ ሄሊዮድ ነጭ፣ ታሳ ሰማያዊ፣ ኤሬቦስ ጥቁር፣ ፑርፎሮስ ቀይ፣ ናይሊያ አረንጓዴ። ተጫዋቹ ለመረጠው አምላክ ያለው ታማኝነት በነጥብ ይያዛል፤ 3፣ 10፣ 25 እና 50 ላይ ሲደርስ ስጦታ ይሰጠዋል። አምላኩ የማይወደውን ሲሠራ ደግሞ ነጥቡ ይቀንሳል። የአክስቴ ልጅ ከወዲሁ ኤሬቦስን ይዟል።

ቴሮስን የመራችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ንገሩኝ። ነጥቡን ለተጫዋቹ በግልጽ ትነግሩታላችሁ ወይስ ራሳችሁ ጋ ትይዙታላችሁ? እኔ ለመደበቅ እያዘነበልኩ ነው፤ የሰው ውሳኔ በቁጥሩ እንዳይመራ ብዬ።