44 ወር

ጅማ ዛሬም ሲዘንብ ዋለ። መብራት ሄዷል፤ ልብሴ ገመድ ላይ ሁለት ቀን አደረ። ደብሮኝ መስኮቱ ጋ ቁጭ ብያለሁ። ጋብ ሲል አባዬ በርጩማውን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ።

ቡና ሊያስተክል ነው። ሦስት ችግኝ። ዶማ እንዳይነካ ተከልክሏል፣ አጥንቱ እንደ ድሮው አይደለም። የጎረቤት ልጅ ይቆፍራል፣ እሱ ተቀምጦ ያዛል። «ጠለቅ አድርገው እንጂ!» ዴክሳሜታዞን የሚባለውን መድኃኒቱን የዋጠ ቀን እንቅልፍ የለውም፤ ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ስለ ጥላ ዛፍ ሲያወራ አደረ።

ወገብ ነው ብለን እኮ ነው የጀመርነው። ቅባት፣ ማሸት፣ «ዕድሜ ነው»። ከዚያ የደም ማነስ፣ ከዚያ ኩላሊት፣ ከዚያ ያ ስም፦ መልቲፕል ማይሎማ፣ የመቅኔ ካንሰር። መቅኔ ውስጥ ሆነው ከበሽታ ሊከላከሉት የሚገባቸው ሴሎች ናቸው ያበዱበት። ዶክተሩ «ደረጃ ሁለት» ሲለኝ እንደገባው ሰው ራሴን ነቀነቅኩ። ማታ ጎግል አደረግኩ። ደረጃ ሁለት፣ 44 ወር ዕድሜ።

ቡና ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። 44 ወር ሦስት ዓመት ከስምንት ወር ነው። ከታወቀበት ደግሞ ዘጠኝ ወር አልፏል። ቀነስኩ። መስኮት ላይ ተቀምጬ የአባቴን ዕድሜ ከቡና ላይ ስቀንስ ራሴን ያዝኩት።

ደግሞ ሜዲያን፣ የመሃል ቁጥር፣ እንጂ ቀጠሮ አይደለም። ግማሹ ሰው ከዚያ አልፎ ኖሯል። ቁጥሩም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ የተቆጠሩት ሰዎች አብዛኞቹ የዛሬዎቹን መድኃኒቶች አላገኙም። አሁን አሜሪካ ውስጥ ከ100 ሕሙማን ከ60 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ይሻገራሉ። አባዬ ግን ያለው አሜሪካ አይደለም። መድኃኒቱ ሲጠፋ እህቴ አዲስ አበባ ላይ ፋርማሲ ለፋርማሲ የምትዞርለት ሰው ነው። ታዲያ የሱን ወር ከየትኛው ሠንጠረዥ ላይ ነው የማነበው?

ማታ ቡና ላይ፣ «ሲደርስ ማን ይለቅመዋል?» አልኩት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥኩ።

«አንተማ አትለቅምም» አለኝ ስኒውን ሳያስቀምጥ። «አምና የሰጠሁህ የታለ?»

ደርቋል። ውሃ የሚያጠጣው አጥቶ። ጅማ ላይ።