የግራ ኪሱ እንዳይዘጋ

ማክሰኞ ማታ ከሥራ ስገባ ልጄ የስካውት ካኪ ሸሚዙን ለብሶ ሳሎን መሐል ቆሟል። ኮምፓሱን በግራ ኪሱ ሊከት ይታገላል፤ አልገባ ብሎታል። ጠጋ ብዬ ሳየው የማዕረግ ባጁ ኪሱን ከደረቱ ጋር አጣብቆ ተሰፍቷል። ያን ሳምንት ሁለት ፈረቃ እሠራ ስለነበር ባለቤቴ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ላውንደሪ ወስዳ አሰፍታው ኖሯል። ሰውየው ባጁን ኪሱ ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በስፌት መኪና ነድቶበታል። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ክሩም ከባጁ ጠርዝ ጋር ይመሳሰላል። ልጁ ግን ከነገ ወዲያ ካምፕ ይሄዳል፣ ኪሱም የለም።

መርካቶ ሲንጀር መኪና ላይ 9 ዓመት ተቀምጫለሁ። ሥራ ያስተማሩኝ ጋሼ ማንኛውንም ሸሚዝ ለባለቤቱ ከማስረከባቸው በፊት እጃቸውን በየኪሱ ከትተው ጥጉን በጣታቸው ይዳስሱ ነበር። ሸሚዙ አሥርም ይሁን ሃምሳ፣ አንዱንም ሳይዳስሱ አይሰጡም። ያን ማታ ምላጬን ይዤ ስፌቱን አንድ በአንድ ስፈታ እሳቸው ትዝ አሉኝ።

ልጆቻችሁ ስካውት ለገቡ፣ በተለይ እዚህ ዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) ላላችሁ ወላጆች፣ ስለዚህ ሸሚዝ ያየሁትን ልንገራችሁ። ትንንሾቹ፣ ከብ ስካውት የሚባሉት፣ ጥቁር ሰማያዊ ይለብሳሉ። ከ11 ዓመት አካባቢ ጀምሮ ካኪው ይመጣል። ከትከሻው ስፌት ሥር በግራ እጅጌ የካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢው የስካውት ጽሕፈት ቤት ባጅ ይሰፋል፤ የኛ አካባቢው ናሽናል ካፒታል ኤሪያ ይባላል። ከሱ ዝቅ ብሎ የትሩፑ፣ ልጁ ያለበት ቡድን ቁጥር ይገባል። በቀኝ እጅጌ የአሜሪካ ባንዲራ፣ ከግራ ኪስ በላይ ሐምራዊው ክብ የዓለም ስካውት ምልክት፣ ኪሱ መሐል ደግሞ ማዕረጉ ይሆናል። ማዕረጎቹ 7 ናቸው፦ ስካውት፣ ቴንደርፉት፣ ሰከንድ ክላስ፣ ፈርስት ክላስ፣ ስታር፣ ላይፍ፣ ኢግል። 7ቱም በየተራቸው እዚያችው ኪስ ላይ ነው የሚቀመጡት። አንዱ ሲመጣ አንዱ ይነሳል።

እንግዲህ የሚነሳ ነገር በመኪና ድርቅ ተደርጎ አይሰፋም። እኔ የማደርገው ይኼን ነው። አንድ ወፍራም ካርቶን በኪሱ ልክ ቆርጬ ኪሱ ውስጥ እከታለሁ፤ መርፌዬ ካርቶኑን ከነካ ወደ ደረቱ እንዳላልፍ ያስታውቀኛል። ባጁን በሁለት ስፒል አስይዤ፣ የጠርዙን ጥልፍ ብቻ እየነካሁ፣ የጠርዙን ቀለም በሚመስል ነጠላ ክር በትንንሹ በእጅ እወጋለሁ። 20 ደቂቃ አይፈጅም። ሲነሳም ክሩን ሁለት ሦስት ቦታ በጥሼ እስበዋለሁ፤ ጨርቁ ላይ የመርፌ ቀዳዳ እንኳ አይቀርም። በካውያ የሚጣበቀውንና ማጣበቂያውን ግን አልወደውም። ባጁ ሲነሳ ሙጫው ጨርቁ ላይ ይቀርና አቧራ እየያዘ ይጠቁራል።

ሸሚዙ እንደ ሸሚዝ ደህና የተቆረጠ ነው፤ ይኼን ስል በባለሙያ ዓይን አይቼ ነው። የካኪውን መልክ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው የልብስ ዲዛይነሩ ኦስካር ዴ ላ ሬንታ ነው። ዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ሳንቶ ዶሚንጎ ተወልዶ እዚህ አገር የመጣ፣ እነ ጃክሊን ኬኔዲን፣ የፕሬዚዳንት ኬኔዲን ባለቤት ያለበሰ ሰው። ይኼን ሳነብ ደስታዬ ልዩ ነበር። ከሌላ አገር የመጣ የልብስ ሰው የዚህ አገር ልጆች ተሰልፈው የሚቆሙበትን ልብስ አወጣላቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ቀይ የነበረው የትከሻ ማንገቻ አረንጓዴ ሆነ፣ ግራ እጅጌው ላይም ትንሽ ኪስ ተጨመረች። ያገለገለ ሸሚዝ ከገዛችሁ ያቺን ኪስ ታገኟት ይሆናል። ችግሩ፣ ልጁ በትሩፑ ውስጥ ያለውን ሥራ የሚያሳየው የኃላፊነት ባጅም እዚያው እላይዋ ላይ ነው የሚሰፋው፤ ያው የግራ ኪሱ ታሪክ ይደገማል። ትከሻ ላይ ያለው አረንጓዴ ግን ካኪውን ነፍስ ዘርቶበታል። ቀዩ ለእኔ ዓይን ይበዛ ነበር።

ለእናቴ ፎቶውን ስልክላት «በጃንሆይ ጊዜ የነበሩትን ቦይ ስካውቶች መሰለኝ» አለችኝ። ካኪ፣ የአንገት ሻርፕ፣ ቁምጣ። የእሷ ትዝታ ቁምጣው ላይ ነው፤ እንደ ቢላ የተተኮሰ ነበር አለች።

ጨርቁን በተመለከተ የተማርኩት ከካምፕ ነው። ባለፈው ጥቅምት ቨርጂኒያ ወዳለው ሸናንዶዋ አብሬያቸው ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ያዘን። የልጄ ሸሚዝ ጥጥና ፖሊስተር የተደባለቀበት ነው። ማታ ገመድ ላይ ሰቅለነው፣ ጠዋት ኮሌታውና የኪሶቹ ክዳን ገና ውኃ ነበር። የጓደኛው ንጹሕ ሰው ሠራሽ ስለሆነ እራት ሳይበላ ደርቆ ለብሶታል። ግን እዚያው ማታ እሳት ዳር ሲቀመጡ አንዲት ፍንጣሪ እጅጌው ላይ አረፈች። የምስር ፍሬ የምታክል ቀዳዳ ሆነች፣ ጠርዟ እንደ ፕላስቲክ ጠንክሮ። የኛ ላይ ብታርፍ እንዲህ በቀላሉ አቅልጣ አትበሳውም ነበር። እንግዲህ ምርጫ ነው። እኔ ለበጋው ሰው ሠራሹን እመርጣለሁ፤ እሳት ዳር ሲኬድ አውልቆ በቲሸርት መቀመጥ ነው። ወላጆቹ «ክላስ ቢ» የሚሏት ቲሸርት ለዚያ ለዚያ ነው የተሠራችው። አንዳንዱ ወላጅ ካኪው እንዳይቆሽሽ ብሎ ልጁን ሳር ላይ እንኳ አያስቀምጠውም። ያ ያሳዝነኛል። ልብሱ የሜዳ ልብስ ነው፣ ታጥቦ ይለቃል።

ስለ ልክ አንድ ነገር። የሐበሻ ወላጅ ያድግበታል ብሎ ሁለት ቁጥር ከፍ አድርጎ ይገዛል። ትከሻው ከወረደ ባጆቹ ሁሉ ይወርዳሉ፤ ባንዲራው ክንዱ መሐል ይደርሳል። አንድ ቁጥር በቂ ነው። የእጅጌውን ርዝመት ወደ ውስጥ አጥፌ በእጅ ሰፍቼ እተወዋለሁ፤ ሲያድግ እፈታዋለሁ። እናቶቻችን የዩኒፎርማችንን ጠርዝ እንዲህ አጥፈው ይሰፉልን የለ? በዓመቱ ሲፈታ የታጠፈው ቦታ ደማቅ ሆኖ መስመር ይሠራ ነበር፤ ከላይ ያለው ጨርቅ በፀሐይና በላርጎ ነጥቶ።

የመጀመሪያው ሸሚዝ አሁን ጠቦታል፤ 12 ሊሞላው ነው፣ ክንዱ ረዝሟል። ቅዳሜ ባጆቹን አነሳሁለት። ካውንስሉን፣ ቁጥሩን፣ ባንዲራውን ለአዲሱ አስቀመጥኩ። ኪሱ ላይ ቴንደርፉት የነበረበት ቦታ ከሌላው ትንሽ ደመቅ ብሎ ይታያል፤ ሞላላ ቅርጽ ሆኖ ቀርቷል። ከላያችን ያለው አፓርትማ ውስጥ የምትኖር የኤል ሳልቫዶር ልጅ ወደ ሴቶቹ ትሩፕ ልትገባ ነው፤ ሴቶች ልጆች እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ይህን ካኪ ይለብሳሉ። እናቷ ዋጋውን አይታ ስታስብበት ነበር፤ አጥቤ ተኩሼ ሰጠኋት። ልጅቷ ስትለካው ትከሻው ልክ መጣ። ሁለቱንም ኪሶች ከፈተች፣ እጇን ከታ እስከ ጥጉ አወረደች፣ ከዚያ እርሳሷን በግራው ከተተች።