ዋስ የሚሆን ሰው

መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩም እምቢ አለ። ሜክሲኮ ላይ ከሰዓት በኋላ መብራት ከጠፋ ቢሮ ውስጥ የሚቀረው ሥራ በመስኮት ማየት ነው። ደበረኝ። ያው ታውቁኛላችሁ፣ ሰኔ ሲገባ እንዲህ ያደርገኛል።

ከተግባረ እድ ሙያ ትምህርት ቤት በኩል ተማሪዎች ይወጣሉ። አንዷ ልጅ ታክሲ ሰልፉ ጋ ሳትደርስ ቆም አለች። ሰማያዊ ቱታዋን አወለቀች፣ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ከዚያ ሄዳ ተሰለፈች። ሞቋት ይሆናል። እኔ ግን አልመሰለኝም።

አፄ ምኒልክ እኮ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነው። ተግባረ እድ ራሱ ከተከፈተ ሰማንያ ዓመት አልፎታል። ስድቡ ቀርቷል እንበል። ሽምግልና ሲላክ ግን፣ «ልጁ ምን ይሠራል?» ለሚለው ጥያቄ «በያጅ ነው» ብሎ በሙሉ አፉ የሚመልስ ሽማግሌ ጥሩልኝ። «የራሱ ድርጅት አለው» ነው የሚባለው።

ትምህርቱም ለዚህ አግዟል። በ10+1 እና 10+2 ዘመን ወደ ቴክኒክና ሙያ የሚላከው የ10ኛ ክፍል ነጥብ ያልመጣለት ልጅ ነበር። ሰውም ሙያን የወደቀ ልጅ የሚሄድበት ቦታ አድርጎ ለመደው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ትዝ ይላችኋል? በየቤቱ ለቅሶ ነበር። ያኔ እንኳን እኛ ሰፈር «በቃ፣ ሙያ ይማር» ያለ ወላጅ አልሰማሁም። ወሬው ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ስለሚያስገባው የማካካሻ ትምህርት፣ ስለ ሪሚዲያል ነበር።

ንቀት ነው ይላሉ። ንቀትማ አለ። ግን ወላጅ ሁሉ ደንቆሮ አይደለም፣ ሒሳብ ያውቃል። እስቲ የዋስን ነገር አስቡት።

በዚህ ከተማ ገንዘብ ያዥ ልሁን፣ ንብረት ክፍል ልግባ ስትል ዋስ አምጣ ትባላለህ። ዋሱ ደግሞ ብዙ ቦታ ቋሚ ሠራተኛ መሆን አለበት። ደመወዙ ተጽፎ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ ያመጣል። ከቢሯችን ጀርባ የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠራው ጋሽ ተ. የአንድ ሕንፃ መስኮት ገጥሞ የሚያገኘውን እኔ በዓመት አላገኘውም። ማሽን አለው፣ ልጆች ቀጥሮ ያሠራል። ዋስ መሆን ግን አይችልም። ማን ደብዳቤ ይጻፍለት? ራሱ ለራሱ?

ስለዚህ እናት ልጇን «ቢሮ ግባ» ስትል ለእሱ ብቻ አይደለም የምታስበው። ዘመድ ውስጥ አንድ ደመወዝተኛ ካለ የአክስት ልጅም፣ የጎረቤት ልጅም በእሱ ፊርማ ይቀጠራል። ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ግድ የለም። ደብዳቤው ነው ዋናው። ይህን ነገር የሥልጠና ፖሊሲ የሚጽፉት ሰዎች የሚያስቡበት አይመስለኝም፤ እነሱም እኮ ለስንት ዘመድ ዋስ ሆነዋል።

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ይፈተናል። እጁ ወርቅ ነው፤ የቤታችንን ሶኬት ሁሉ የጠገነው እሱ ነው። እህቴ ምከረው ትለኛለች። ምን ብዬ ልምከረው? ኤሌክትሪክ ተማር ብለው፣ ነገ የእሱ ልጅ ሥራ ሲያገኝ ዋስ ማን ይሆነዋል?

በቀደም ጋሽ ተ. ቢሮዬ ድረስ መጣ። የወንድሙ ልጅ ሥራ አግኝቷል፣ ዋስ ሁነው አለኝ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ኩራት ብታዩ! ደብዳቤውን አስጽፌ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ እንደ ባለሥልጣን ዘርጋ አድርጌ ሰጠሁት። ተቀብሎ አነበበ። ደመወዜ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። ምንም አላለም። ከዚያ ምሳ ካልጋበዝኩህ ብሎ ግድ አለኝ።

አልተግደረደርኩም። ወሩ ገና ነበር።